ኒኮላ ቴስላ እና ባለቤቱን የሚለይ መቆለፊያ

በቁልፍ ብቻ የሚከፈተውን አሮጌ መኪና ከሩቅ እንዲቆለፍ ለማድረግ የሚያስፈልጉት ዋና ዋና ዕቃዎች ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም የሬዲዮ ምልክት የሚቀበል መሣሪያ፣ ምልክቱ ሲደርስ የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚያገናኝ ሪሌይ፣ እንዲሁም የበሩን መቆለፊያ ዘንግ የሚገፋና የሚስብ ትንሽ ሞተር ናቸው። ይህ ቅንጅት አዲስ ይመስላል እንጂ ከ120 ዓመታት በላይ አስቀድሞ በአንዲት ጀልባ ውስጥ ተሠርቶ ለሕዝብ ታይቷል። የሠራውም ኒኮላ ቴስላ ነበር።

ቴስላ በ1856 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዛሬይቱ ክሮኤሺያ በምትገኘው በስሚልያን መንደር ከሰርብ ኦርቶዶክስ ቄስ ተወለደ። በግራዝ ከተማ ምሕንድስና መማር ጀምሮ ዲፕሎማውን ሳይቀበል ከወጣ በኋላ፣ በቡዳፔስትና በፓሪስ ሠርቶ በ1884 ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ። በ1888 በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ለሚሠራው ሞተሩ ፓተንት ተቀበለ፤ ዌስቲንግሃውስም መብቱን ገዛው። ዝናው በገነነበት ጊዜ፣ በ1895፣ ቤተ ሙከራው በእሳት ጋየ፤ መሣሪያዎቹና ማስታወሻዎቹ በአንድ ሌሊት አመድ ሆኑ። ቴስላ ግን እንደገና ሀ ብሎ ጀመረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ያለ ሽቦ የምትመራ ትንሽ ጀልባ አሳየ። በውስጧ የብረት ብናኝ የያዘ ቱቦ ነበር። ብናኙ በወትሮው ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፍም፤ የሬዲዮ ሞገድ በደረሰው ጊዜ ግን ያስተላልፋል። ያን ጊዜ ሪሌዩ መስመሩን ያገናኛል፤ ከባትሪ ኃይል የሚያገኘው ሞተርም መሪውን ያዞራል። ከዚያም ቱቦው ይገለበጥና ብናኙ ለሚቀጥለው ምልክት ይዘጋጃል።

ይሁን እንጂ ዋናው ችግር ገና አልተፈታም ነበር። በአንድ ድግግሞሽ የምትታዘዝን ጀልባ፣ በዚያው ድግግሞሽ ምልክት የሚልክ ማናቸውም ሰው ሊመራት ይችላል። ቴስላ ያገኘው መፍትሔ የተለያዩ ድግግሞሾችን አጣምሮ መላክ ነበር፤ ተቀባዩ ሁለቱም ሲደርሱት ብቻ ይታዘዛል፣ አንዱ ቢጎድል ዝም ይላል። የዚህንም ፓተንት በ1903 ተቀበለ።

ሐሳቡ ዘመኑን የቀደመ ስለ ነበር ለባለቤቱ ሀብት አላስገኘለትም። የጀልባይቱ ፓተንት የ17 ዓመት ዕድሜ በ1915 አበቃ፤ በሎንግ አይላንድ የጀመረው ታላቅ የሬዲዮ ማሰራጫ ግንብም ገንዘብ በማጣት ከፍጻሜ ሳይደርስ ቀረ። ቴስላ በ1943 በኒውዮርክ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሞተ። ከሩቅ የሚቆለፉ መኪናዎች ለገበያ የቀረቡት ከዚያ በኋላ 40 ዓመታት ያህል ቆይተው ነው።

እነዚያም መቆለፊያዎች የጀልባይቱን ችግር ወረሱ። ሪሞቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምልክት የሚልክ ከሆነ፣ ሌባ ያንኑ ምልክት ቀድቶ መልሶ በመላክ በሩን ሊከፍት ይችላል። ስለዚህም በኋላ የተሠሩት ሪሞቶች በተጫኑ ቁጥር ምልክታቸውን የሚለውጡ ሆኑ። በአሮጌ መኪና ላይ ይህን መሣሪያ የሚገጥም ባለሙያ፣ ርካሹን ከመምረጡ በፊት ምልክቱ የሚለዋወጥ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ባትሪ በደከመ ጊዜ የሚያገለግለውንም የቀድሞውን የበር ቁልፍ ሳይነካ መተው ይገባዋል። ሞተሩን ማንቀሳቀስ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ከባዱ ለባለቤቱ ብቻ እንዲታዘዝ ማድረግ መሆኑን ቴስላ አስቀድሞ ተረድቶት ነበር።