የእርጎው ሳይንቲስት፦ ኢሊያ ሜችኒኮቭ

ይፋት ቆላ ላይ ሰው ሲታመም እርጎ ይሰጠው የሚል ዘመድ አይጠፋም። እርጎንና የሆድ ውስጥ ባክቴሪያን አያይዞ በዓለም ያስወራው ግን ኢሊያ ሜችኒኮቭ የሚባል ሰው ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1845 ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፣ ካርኪቭ አቅራቢያ ነው። የመጀመሪያ ሚስቱ ሉድሚላ በ1873 በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ሐዘኑ ሊገድለው ደርሶ ነበር፤ ተርፎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በ1882 ጣሊያን፣ መሲና ከተማ ነበር። የባሕር ኮከብ እጭ ሰውነቱ ብርሃን ያሳልፋል፤ ውስጡ ይታያል። ሜችኒኮቭ የጽጌረዳ እሾህ ወጋበት። በማግስቱ ሲያየው ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውታል። ሰውነታችን ጀርም የሚውጡ ወታደር ሴሎች እንዳሉት ያስረዳው ከዚህ ተነስቶ ነው። ከነጭ የደም ሴሎቻችን ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። በ1888 ፓሪስ፣ ፓስተር ተቋም ገባ። በ1908 ከጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

የሚገርመው፣ ኬሞቴራፒ የሚለውን ቃል ያወጣው ይኸው ኤርሊክ ነው። ያኔ የታሰበው ለጀርም ነበር፤ ለካንሰር የዋለው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1940ዎቹ ነው።

ሜችኒኮቭ በስተርጅናው ትኩረቱን ወደ ትልቁ አንጀት አዞረ። እዚያ ያሉ ጎጂ ባክቴሪያዎች ሰውን ያስረጃሉ፣ ወተት የሚያረጉት ደግሞ ይገቷቸዋል ብሎ አመነ። ራሱም በየቀኑ የረጋ ወተት ይጠጣ ነበር። እርጎው እርጅናን አላስቆመለትም፤ በ1916 በ71 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ። ጥያቄው ግን አብሮት አልተቀበረም።

ዛሬ የሁለቱ ሰዎች ሥራ በአንድ ታካሚ ሆድ ውስጥ ይገናኛል። ኬሞ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ስለሚመታ ከካንሰሩ ሌላ የአንጀትን ሽፋንና ነጭ የደም ሴል የሚፈልቅበትን የአጥንት መቅኔ ይጎዳል። ኢሪኖቴካን የተባለውን መድኃኒት ደግሞ ጉበት አክሽፎ ወደ አንጀት ሲልከው፣ አንዳንድ የአንጀት ባክቴሪያዎች መልሰው ይቀሰቅሱታል። ውጤቱ ከባድ ተቅማጥ ነው። ተመራማሪዎች አሁን ባክቴሪያዎቹን የሚያጠኑት ይህን ስቃይ ለመቀነስ ጭምር ነው።

ለእኛስ? ታማሚያችን ኬሞ ወስዶ ከአዲስ አበባ ጣርማ በርን አቋርጦ ሲመለስ፣ በደግነት ያልፈላ ወተት ወይም ከእሱ የረጋ እርጎ አንስጠው። የላምም ይሁን የግመል ያው ነው። ወታደር ሴሎቹ በቀነሱበት ሰዓት ጥሬ ወተት ውስጥ ያለ ጀርም ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። እርጎ ካማረው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ትኩሳት ከያዘው ወይም ተቅማጡ ከበረታ ግን ይንጋ ማለት የለም፤ ያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል!

ቤቱ የካንሰር ታካሚ ላለበት ሁሉ አጋሩት።