ሊ ሁዪታንግ

ሊ ሁዪታንግ (በካንቶንኛ አጠራር ሊ ዋይ ቶንግ፣ እ.ኤ.አ. 1905 – 1979) ቻይናዊ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሰልጣኝና የስፖርት አስተዳዳሪ ነበር። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የእስያ ታላቅ አጥቂ ተብሎ ይታወቅ የነበረ ሲሆን፣ በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ የቻይናን ቡድን በአምበልነት መርቷል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነት

ሊ የተወለደው በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በሆንግ ኮንግ ነው። አባቱ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ ነበር። የቤተሰቡ የትውልድ ሥፍራ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የሃካ ሕዝብ አገር ዉኋ ስትሆን፣ ሊም የልጅነቱን የተወሰነ ጊዜ በዚያ አሳለፈ። በመንደሩ ኳስ ስላልነበረ ትርንጎ የሚያክል የዛፍ ፍሬ እየመታ ይለማመድ እንደነበር ይነገራል። ወደ ሆንግ ኮንግ ተመልሶ ትምህርቱን ከተከታተለ በኋላ፣ ገና በ17 ዓመቱ ሳውዝ ቻይና የተባለውን የከተማዋን ታዋቂ የቻይናውያን ክለብ ተቀላቀለ።

የተጫዋችነት ዘመን

በ1923 በኦሳካ፣ ጃፓን በተካሄደው የሩቅ ምሥራቅ ጨዋታዎች ለቻይና ተሰልፎ ዋንጫ አገኘ። በዚያው ዓመት ወደ አውስትራሊያ ከተጓዘው የቻይና ቡድን አባላት አንዱ ነበር። የሩቅ ምሥራቅ ጨዋታዎች በዋናነት በቻይና፣ በጃፓንና በፊሊፒንስ መካከል ይካሄድ የነበረ ውድድር ሲሆን፣ ቻይና ከ1915 እስከ 1934 ድረስ የእግር ኳሱን ድል ሳታስነጥቅ ቆይታለች። በ1930 በቶኪዮ ብቻ ከጃፓን ጋር 3 ለ 3 ተለያይታ ማዕረጉን ተጋርታለች።

በ1925 ቤተሰቡ የመረጠለትን ጋብቻ ባለመቀበል ከወደዳት ሴት ጋር ወደ ሻንጋይ ሄደ። ሻንጋይ በዚያን ጊዜ የውጭ መንግሥታት የራሳቸው ሰፈርና ሕግ የነበራቸው ከተማ ነበረች፤ በእግር ኳሷም የአውሮፓውያን ክለቦች የበላይነት ነበራቸው። ስለዚህ ሊ የተጫወተበት ሌኋ የተባለው ክለብ እነዚህን ቡድኖች ማሸነፍ ሲጀምር፣ ድሉ ለከተማዋ ቻይናውያን ከስፖርት ያለፈ ትርጉም ነበረው። ሊ በሻንጋይ ሳለ በፉዳን ዩኒቨርሲቲ እግር ኳስ አሰልጥኗል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሆንግ ኮንግና ወደ ቀድሞ ክለቡ ተመለሰ።

በጠንካራ ምቱ በተለይ ይታወቅ ነበር። በዘመኑ ሁሉ 1,260 ያህል ግቦችን እንዳስቆጠረ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ይህ ቁጥር የወዳጅነት ጨዋታዎችንም የሚጨምር ነው።

የበርሊን ኦሊምፒክ

ቻይና በ1936 የእግር ኳስ ቡድን ወደ በርሊን ለመላክ ብትወስንም በቂ ገንዘብ አልነበራትም። አብዛኞቹ ከሆንግ ኮንግ የተመረጡት ተጫዋቾች መፍትሔውን በእግራቸው ፈለጉ። ከኦሊምፒኩ አስቀድመው ተነሥተው በደቡብ ምሥራቅ እስያና በሕንድ ከተሞች የመግቢያ ገቢ የሚያስገኙ ግጥሚያዎችን አደረጉ። ከ27 ጨዋታዎች 23ቱን አሸንፈው በ4ቱ አቻ ወጡ፤ በአንዱም አልተሸነፉም። ከዚያም በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻገሩ።

ኦገስት 6 ቀን ከታላቋ ብሪታንያ ጋር ተገናኙ። የቻይና ተከላካዮች እስከ እረፍት ድረስ ግብ ሳያስቆጥሩ ቢቆዩም፣ ረጅሙ ጉዞና የጨዋታዎቹ ብዛት ያደከመው ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ ሁለት ግቦች ተቆጥረውበት 2 ለ 0 ተሸነፈ። ውድድሩ በአንድ ሽንፈት የሚያሰናብት ስለነበር የቻይና ጉዞ በዚሁ አበቃ። ቢሆንም ቻይና በኦሊምፒክ እግር ኳስ የተሳተፈችበት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

ጦርነትና አሰልጣኝነት

በ1941 መጨረሻ ጃፓን ሆንግ ኮንግን ስትይዝ ሊ በወራሪው ሥር መጫወትን አልፈለገም። ከተማዋን ለቆ ወደ ቻይና መሃል አገር ገባ፤ በዚያም ለእርዳታ ገንዘብ በሚሰበሰብባቸው ጨዋታዎች ተሳተፈ። ከጦርነቱ በኋላ ከተጫዋችነት ተሰናበተ። በ1948 በለንደን ኦሊምፒክ የቻይና ቡድን አሰልጣኝ ነበር፤ ቡድኑ በቱርክ 4 ለ 0 ተሸነፈ።

በ1949 አገሪቱ ለሁለት መንግሥታት ስትከፈል እግር ኳሷም አብሮ ተከፈለ። ሊ የታይዋኑን የቻይና ሪፐብሊክ ቡድን አሰለጠነ፤ የቡድኑ ተጫዋቾች በአብዛኛው የሆንግ ኮንግ ልጆች ነበሩ። ይህ ቡድን በእስያ ጨዋታዎች በ1954 በማኒላ ደቡብ ኮሪያን 5 ለ 2፣ በ1958 በቶኪዮ ደግሞ ያንኑ ተጋጣሚ 3 ለ 2 አሸንፎ ሁለት ጊዜ የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ። ይሁን እንጂ ይኸው ምርጫው በዋናው ቻይና ስሙ ለረጅም ጊዜ እንዳይነሣ አድርጓል።

አስተዳዳሪነትና መታሰቢያ

ሊ የእስያ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ሆኖ አገልግሏል፤ በ1960ዎቹ አጋማሽም የፊፋ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል። ስለ እግር ኳስ አጨዋወትም መጻሕፍት ጽፏል።

ጁላይ 4 ቀን 1979 በሆንግ ኮንግ አረፈ። የፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክን ወደ አባልነት ለመመለስ የወሰነው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ነው። ዛሬ በዉኋ አንድ ስታዲየም በስሙ ይጠራል፤ ያደገበት ቤትም ተጠብቆ ይገኛል።