ኮርቬትን የሥራ መኪና ያደረጋት ስደተኛ

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። አምና አንድ ቀን በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት በርና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት የ2002 ሞዴል ሸቭሮሌት ኮርቬት። ለሰርግ ምናምን የተከራያት መስሎኝ ነበር። ለካስ ገዝቷታል። ያውም ለሥራ መመላለሻ! ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዋሽንግተን፣ ማታ ደግሞ መልስ።

ወሬው ቤተሰቡን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። አክስቴ ልጄ አበደ ብላ ደወለችልኝ። ስንት ኃላፊነት ያለበት ልጅ፣ አገር ቤት ስንት የሚጠብቀው ሰው እያለ፣ የእሽቅድድም መኪና ምን ያደርግለታል? እኔም ኢኮኖሚክስ ተምሬ የለ፣ ኤክሴል ከፍቼ ስሌት ሠራሁለት። ኢንሹራንስ፣ ቤንዚን፣ ጎማ፣ ሁሉንም ደመርኩና ኪሳራ ነው ብዬ ላክሁለት። እሱ አልተከራከረኝም። ስለዚህ ሰውዬ አንብብ ብሎ አንድ ስም ብቻ መለሰልኝ፤ ዞራ አርከስ-ደንቶቭ።

አነበብኩ። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚሁ ሰው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙዎች ዞራን የኮርቬት አባት ይሉታል። እውነቱን ለመናገር ግን የወለዳት እሱ አይደለም። ሐሳቡ የጄኔራል ሞተርስ የዲዛይን ኃላፊ የነበረው የሃርሊ ኧርል ነው። ዞራን የእንጀራ አባት ብንለው ይሻላል፤ ልትሞት ስትል ደርሶ ያሳደጋት። የሚገርመው ደግሞ እሱ ራሱ የእንጀራ አባቱን ስም የያዘ ሰው ነው።

ዞራ የተወለደው በ1909 በብራስልስ ነው (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰቡ ከሩሲያ የመጡ አይሁዶች ናቸው፤ አባቱ የማዕድን መሐንዲስ፣ እናቱ የሕክምና ተማሪ። በኋላ ወደ ሩሲያ ተመልሰው ፔትሮግራድ ኖሩ። ወላጆቹ ተፋቱና እናቱ ደንቶቭ ከሚባል ሰው ጋር ሌላ ትዳር መሠረተች። አባትየው ግን ከቤቱ አልወጣም፤ ሁለቱም አባቶች አንድ ጣሪያ ሥር! ዞራና ወንድሙ ዩራ ሁለቱንም ላለማስቀየም ሁለቱንም ስም አያይዘው ያዙ።

የልጅነት ሕልሙ ምን ነበር መሰላችሁ? እሽቅድድም እንዳትሉ። ትራም መንዳት ነው። ሰው ጭኖ ጠዋት ሥራ የሚያደርስ፣ ማታ ቤቱ የሚመልስ ትራም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

በ1927 ቤተሰቡ ወደ በርሊን ሄደ። እዚያ ዞራ በሞተር ሳይክል ከተማውን ያምሰው ጀመር። ወላጆቹ ይሄ ልጅ ሊሞትብን ነው ብለው በመኪና እንዲቀይረው ያዙት። እሺ አለ፣ ቀየረም። የገዛው ግን ቦብ የምትባል የእሽቅድድም መኪና ነበር፤ የፊት ፍሬን የሌላት፣ የኋላ ፍሬኗም ደካማ! እንዲህም ሆኖ ሳይሞት ቆየና በ1934 እዚያው በርሊን ሻርሎተንበርግ በምህንድስና ተመረቀ።

ኤልፊ የምትባል ጀርመናዊት ዳንሰኛ ወደደ፤ በ1939 ተጋቡ። ጦርነቱ ሲነሳ ዞራና ወንድሙ የፈረንሳይ አየር ኃይል ገቡ። በ1940 ፈረንሳይ ስትሸነፍ ኤልፊ ፓሪስ ውስጥ ነበረች። የናዚ ጦር ሳይደርስባት ትንሿን ኤም ጂ ስፖርት መኪናዋን አስነስታ ወደ ቦርዶ ፈረጠጠች። ባልና ሚስቱ ከቀናት በኋላ ተገናኙ፤ ቤተሰቡም ከፖርቱጋል በመርከብ ተሳፍሮ ኒውዮርክ ገባ። እዚህ ጋ ስደርስ ትንሽ አፈርኩ። ለአክስቴ ልጅ በሠራሁት ኤክሴል ላይ ስፖርት መኪና ለምንም የማይረባ ዕቃ ነው ብዬ ነበርና።

ኒውዮርክ ላይ ወንድማማቾቹ አርደን የሚባል ድርጅት ከፈቱ፤ ከሁለቱ ስሞቻቸው ተቆርጦ የተቀጠለ ስም ነው። በጦርነቱ ጊዜ ለሠራዊቱ ዕቃ እያመረቱ ሠሩ። ለፎርድ ቪ8 ሞተርም ጉልበቱን የሚጨምር ክፍል ሠርተው ስም አወጡ። ድርጅቱ ግን ከጦርነቱ በኋላ አልዘለቀም። ዞራ 40 ዓመት ገደማ ሲሆነው እንደገና ሥራ ፈላጊ ሆነ፤ እንግሊዝ ሄዶ አላርድ የሚባለው መኪና ሠሪ ጋ ሠራ፣ ከዚያ ተመልሶ አሜሪካ።

ጃንዋሪ 1953 ኒውዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ውስጥ የጄኔራል ሞተርስ ኤግዚቢሽን ላይ ኮርቬትን አያት። ውበቷ አፈዘዘው። ከኮፈኑ ሥር ያለው ሞተር ግን ቅር አሰኘው። ሌላው ቢሆን ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። እሱ ለሸቭሮሌት ዋና መሐንዲስ ለኤድ ኮል ደብዳቤ ጻፈ። በዚያው ዓመት ሜይ ወር ላይ ተቀጠረ።

አሁን የ1953ቷን ኮርቬት ይዛችሁ ሥራ ስትሄዱ አስቡት። ሞተሯ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 150 የፈረስ ጉልበት፤ ካምቢዮዋ ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ። በሯ ከውጭ እጀታ የለውም፤ እጃችሁን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ነው የምትከፍቱት። የጎን መስኮቷ መስታወት ሳይሆን የሚገጠምና የሚነቀል የፕላስቲክ መሸፈኛ ነው። ዝናብ ከመጣ መንገድ ዳር ቆማችሁ ትገጥማላችሁ። ይህ ሁሉ በ3,500 ዶላር ገደማ፣ በዚያን ጊዜ ገንዘብ!

በመጀመሪያው ዓመት 300 ብቻ ነው የተሠሩት። በ1954 ግን 3,640 ተሠርተው 1,500 ያህሉ ሳይሸጡ ቀሩ። ምክንያቱን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ፍጥነት ለሚፈልግ ፈጣን አይደለችም፣ ምቾት ለሚፈልግ አትመችም።

በዚህ ላይ ፎርድ ተንደርበርድን ይዞ መጣ፤ ቪ8 ሞተር፣ እንደ ማንኛውም መኪና የሚወርድና የሚወጣ መስታወት። በ1955 ሞዴል ከ16,000 በላይ ሸጠ። ኮርቬት በዚያው ዓመት የተሠራችው 700 ብቻ ነው። የጄኔራል ሞተርስ አለቆች ኮርቬትን ለመዝጋት ያስቡ ጀመር።

ዞራ ገና አዲስ ሠራተኛ ነው፤ አነጋገሩ የሌላ አገር ሰው። ቢሆንም ዝም አላለም። ዓመት ሳይሞላው ለአለቆቹ አንድ ማስታወሻ ጽፎ ነበር። ወጣቱ ትርፍ ሰዓቱን ፎርድ እየፈታታ ነው የሚያሳልፈው፤ ዛሬ በልጅነቱ ካልያዝነው ነገ ትልቅ ሰው ሲሆንም አናገኘውም የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ኦክቶበር 1954 ላይ ደግሞ ሌላ ጻፈ። ኮርቬትን አሁን መዝጋት ሽንፈትን ማመን ነው፣ ፎርድም ይስቅብናል፤ ይልቅ ለእሷ ብቻ የሚሠራ ቡድን ይቋቋም አለ።

ኮርቬት ተረፈች። በ1955 ቪ8 ሞተር ገባላት። በ1956 የሚወርድ መስታወትና የውጭ እጀታ አገኘች። እነዚህ ሁሉ የብዙ ሰው ሥራ ናቸው። የዞራ ድርሻ አነዳዷ ላይ ነው፤ በኩርባ ላይ መንገድ እንድትይዝ አደረጋት፣ ለሞተሩም በስሙ የሚጠራ ካምሻፍት ሠራ። በ1956 ራሱ ነድቷት ዴይቶና ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ በረረ። በዚያው ዓመት በሙከራ ላይ ተጋጭቶ የጀርባ አጥንቱ ተሰበረ፤ ሲሻለው ተመልሶ መሪ ጨበጠ። ሽያጩም ተነቃቃ። በ1956 የተሠሩት 3,467 ነበሩ፤ በ1960 ከ10,000 አለፉ።

እዚህ ላይ የሰውዬውን ጭንቅላት ልብ በሉ። ሌ ማን ላይ በፖርሽ በምድቡ በ1954ም በ1955ም አሸንፏል። እሽቅድድም ደሙ ውስጥ ነው። ግን ትራም ሊነዳ የተመኘው ልጅም አብሮት ነበር። የ1963ቷን ስቲንግ ሬይ እዩ። የኋላ ጎማዎቿ አንዱ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው እንዳይናጥ ራሳቸውን ችለው እንዲንቀሳቀሱ አደረገ። የተጠቀመውም በጭነት መኪና የምናውቀውን ባሌስትራ ነው፤ አንዱን በአግድም አጋድሞ። ለእሽቅድድም ኩርባም፣ ለሰኞ ጠዋት ጉድጓድም የሚሠራ።

በዚያችው መኪና ምክንያት ከዲዛይን ኃላፊው ከቢል ሚቸል ጋር ተጣላ። ሚቸል የኋላ መስታወቷን ለሁለት የሚከፍል ዘንግ አደረገባት። ያምራል። ዞራ ግን ሹፌሩ በስፔኪዮ ወደ ኋላ ምን ሊያይ ነው ብሎ ተቃወመ። በ1963 ተሸነፈ፤ በ1964 ዘንጉ ወጣ። አስቂኙ ነገር፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች ብዙ ብር የሚያፈሱት ለዚያችው ዓመት ባለ ዘንግ መኪና ነው። ገበያ ለብርቅ ይከፍላል፤ ዞራ የሚያስበው ለሚነዳው ሰው ነበር። በ1965 ደግሞ አራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን አገኘ። የፊት ፍሬን በሌላት ቦብ ለጀመረ ሰው ቀላል ጉዞ አይደለም።

ያላሳካውም አለ። ሞተሩ ከሹፌሩ ኋላ እንዲሆን ለዓመታት ወተወተ፤ አልተሰማም። በ1975 መግቢያ ጡረታ ወጣ። ኤፕሪል 1996 በ86 ዓመቱ አረፈ። አመዱ ኬንታኪ ቦውሊንግ ግሪን በሚገኘው የኮርቬት ሙዚየም ነው ያለው። ሞተሯ ከኋላ የሆነ ኮርቬት ለገበያ የወጣችው በ2020 ሞዴል ነው፤ እሱ ከሞተ 24 ዓመት በኋላ።

እንግዲህ ወደ ኤክሴሌ ልመለስ። ስህተቴን ያገኘሁት እዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ነው። እኔ የአክስቴን ልጅ መኪና ያሰላኋት እንደ ቅንጦት ነው፤ ሙሉ ዋጋዋን ለደስታ የወጣ ወጪ አድርጌ። ግን እሱ ሁለት መኪና አልገዛም። ሥራ የሚያደርሰው መኪና በግድ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ የደስታው ዋጋ ጠቅላላ ዋጋዋ ሳይሆን በእሷና ያለዚያ ሊገዛት በነበረችው ተራ መኪና መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ያገለገለች ኮርቬት የገዛው ከአዲስ የቤት መኪና ባነሰ ዋጋ ነው። ኢንሹራንሱና ቤንዚኑ ልዩነቱን ከፍ ያደርጉታል፤ ቢሆንም እኔ ከጻፍኩት ቁጥር ጋር አይገናኝም። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን መኪናዋ በየቀኑ የምትነዳ ከሆነ ብቻ ነው። ዞራ የታገለው ለዚህች ነገር ነበር።

ችግር የለውም ማለቴ አይደለም። ስትገባም ስትወጣም ከመሬት መነሳት ነው ይላል። ክረምት ላይ ጎማ መቀየር አለበት፤ የበጋ ጎማ በብርድ አይይዝም። ሀይዌይ ላይ ትላልቅ መኪኖች አጠገብ ሲሆን እንደ ሕፃን ሽቅብ ነው የሚያየው። በሌላ በኩል በስድስተኛ ማርሽ ሞተሩ ቀስ እያለ ስለሚዞር ረጅም መንገድ ላይ ቤንዚን አትፈጅም። ከኋላ ደግሞ የጤፍ ጆንያ ትይዛለች፤ ፎቶውን ልኮልኛል። ልጅ ሲወልድ ግን ስሌቱ ያበቃል፤ ሦስተኛ ወንበር የላትም።

ለአክስቴ ይህን ሁሉ አስረዳኋት። የሚልክላት ገንዘብ አንድም ወር እንዳልተቋረጠ ራሷ አመነችልኝ። ስደተኛ ግን መጀመሪያ መቆጠብ እንጂ መደሰት የለበትም በሚለው አቋሟ እንደጸናች ናት። ስለ ዞራ ስነግራትም፣ ሰውዬው ምን ያህል እንደለፋ ሳይሆን እናቱ እንዴት እንደቻለችው ነው የጠየቀችኝ።

የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ዕረፍቱ ኬንታኪ ድረስ ነድቶ ሙዚየሙን ሊያይ ነው። ሰኞ ጠዋት ግን እንደተለመደው ሥራ አለበት፤ በዚያችው መኪና።

ቸር ይግጠመን።