ፍራንሲስ ዊሜት፤ በወደቁ ኳሶች ዱላ ለውጦ ጨዋታ የጀመረው ልጅ

ብዙ ወጣቶች አንድ ሙያ ወይም አንድ ጨዋታ ለመጀመር ሲያስቡ አስቀድመው የሚቆጥሩት የጎደላቸውን ነው። መሣሪያው ውድ ነው፣ ጊዜው አልደረሰም፣ ደመወዜ ሲጨመርልኝ እጀምራለሁ እያሉ ዛሬን ለነገ ያስተላልፋሉ። ጎልፍ የተባለው ጨዋታ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ምክንያት እጅግ የተመቸ ነው። ሜዳው ሰፊ፣ ዱላው ብዙ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ በመሆኑ የባለጸጎች ጨዋታ ነው ተብሎ ይታለፋል። እኛም ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናቀርበው፣ በእጁ አንድ ዱላ ብቻ ይዞ ጀምሮ የዘመኑን ታላላቅ ተጫዋቾች ድል ያደረገውን የአንድ አትክልተኛ ልጅ ታሪክ ነው። ስሙ ፍራንሲስ ዊሜት ይባላል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲረዱልን እንፈልጋለን።

ታሪኩን ከመቀጠላችን በፊት ጨዋታውን ለማያውቁት ጥቂት እንግለጽ። ጎልፍ ማለት አንዲት ትንሽ ጠንካራ ኳስ በዱላ እየመቱ በሰፊ መስክ ላይ ከተቆፈሩት 18 ጉድጓዶች ውስጥ በተራ እያስገቡ መሄድ ነው። ሁሉንም በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ዱላዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ኳሱን ሩቅ ይሰዳል፣ አንዱ ወደ ላይ ያነሣዋል፣ አንዱ ደግሞ ከጉድጓዱ አጠገብ ሲደርሱ በለስላሳው ሣር ላይ ያንከባልለዋል። በዚያ ዘመን የዱላው እጀታ ሂኮሪ ከሚባል ጠንካራ እንጨት፣ ራሱም ከእንጨት ወይም ከብረት ይሠራ ስለ ነበር፣ አንዱን ዱላ ለመግዛት እንኳ የአንድ ድኻ ቤተ ሰብ አቅም አይፈቅድም ነበር።

ፍራንሲስ ዊሜት ግንቦት 8 ቀን 1893 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር፣ ከቦስተን ከተማ አጠገብ ባለችው በብሩክላይን ተወለደ። አባቱ ከካናዳ የመጣ የፈረንሳይ ዘር ሲሆን በአትክልተኝነት ይተዳደር ነበር። እናቱም የአይሪሽ ዘር ነበረች። ቤታቸው ዘ ካንትሪ ክለብ ከሚባለው የሀብታሞች ማኅበር የጎልፍ ሜዳ ፊት ለፊት፣ መንገድ ብቻ ለይቶት፣ ከ17ኛው ጉድጓድ ትይዩ ይገኝ ነበር። ይህ 17ኛ ጉድጓድ በኋላ ታሪክ የተሠራበት ስለ ሆነ አንባቢያችን በልቡ ይያዘው።

ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድና ሲመለስ መንገድ ለማሳጠር በሜዳው ላይ ያቋርጥ ነበር። ሲያቋርጥም ባለቤቶቻቸው ፈልገው ያጧቸውን ኳሶች ከሣሩ ውስጥ እየለቀመ ያከማች ጀመር። በሰባት ዓመቱ ብዙ ኳስ ነበረው፤ ነገር ግን የሚመታበት ዱላ አልነበረውም። ታላቅ ወንድሙ ዊልፍሬድ በክለቡ ውስጥ የተጫዋቾችን ዱላ በመሸከም ሥራ ሲቀጠር፣ በቦስተን የሚገኝ አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ያገለገሉ ኳሶችን ተቀብሎ ዱላ እንደሚለውጥ ሰምቶ ነገረው። ፍራንሲስም ካከማቻቸው ውስጥ ደህና ደህናዎቹን 36 ኳሶች መርጦ ሰጠው። ወንድሙ ወደ ቤት የተመለሰው ማሺ የሚባለውን ባለ ብረት ራስ ዱላ ይዞ ነበር። ማሺ ማለት ኳሱን በመጠኑ ከፍ አድርጎ በመካከለኛ ርቀት የሚጥል ዱላ ነው።

እንግዲህ የወደፊቱ ሻምፒዮን ሀብት ይኸው አንድ ማሺ ነበር። ነገር ግን ዱላ ቢገኝም ሜዳ አልነበረም። በክለቡ ሜዳ ላይ መጫወት ለአባሎች ብቻ የተፈቀደ ነውና። ስለዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች ከቤታቸው በስተኋላ በሚገኘው የከብት ግጦሽ ላይ የራሳቸውን ሜዳ ሠሩ። ሦስት ጉድጓዶች ብቻ ነበሩት። ባዶ የቲማቲም ጣሳ መሬት ውስጥ ቀብረው ጉድጓድ አደረጉት። በመጀመሪያው ጉድጓድ መንገድ ላይ ጅረት ያቋርጣል። ኳሱን ከጅረቱ ወዲያ ለማሻገር ልጁ ብዙ ቀን ሞክሮ አልተቻለውም። አንድ ቀን ግን ኳሱ ተሻገረች፤ ከዚያም ደጋግማ ተሻገረች። መሬቱ ድንጋያማና ሣሩ ያልታጨደ በመሆኑ በዚያ ላይ ኳስን በትክክል መምታት የለመደ እጅ፣ በተስተካከለው ሜዳ ላይ ሲደርስ ሥራው የቀለለ ሆነ። ድኽነቱ ሳይታወቀው መምህር ሆነለት ማለት ይቻላል።

ከዚህም በቀር ማለዳ ሰው ሳይነሣ፣ ወይም ዝናም ዘንቦ አባሎች በቤታቸው ሲቀሩ፣ ወደ ትልቁ ሜዳ ሹልክ ብሎ እየገባ ዘበኛው እስኪያባርረው ድረስ ይጫወት ነበር። ዕድሜው ሲፈቅድለት እሱም እንደ ወንድሙ ዱላ ተሸካሚ ሆነ። ይህ ሥራ ሳንቲም ብቻ ሳይሆን ትምህርትም አስገኘለት። የጥሩ ተጫዋቾችን አቋቋም፣ የእጃቸውን አያያዝ፣ የአመታታቸውን ስልት እያየ ያጠና ነበር። ወደ ቤቱም ሲመለስ ያየውን በማሺው ይሞክራል። ትጋቱን ያዩ አንድ የክለቡ አባል የማይፈልጓቸውን አራት ያገለገሉ ዱላዎች ሰጡት። ያን ጊዜ አምስት ዱላ ያለው ሰው ሆነ።

በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት ከአንድ ጓደኛው ጋር ዱላቸውን ተሸክመው በእግርና በከተማ ባቡር እየተጓዙ፣ ለሕዝብ ሁሉ ክፍት ወደ ሆነው ወደ ፍራንክሊን ፓርክ ይሄዱ ነበር። ይህ ሜዳ ዘጠኝ ጉድጓዶች ብቻ ነበሩት። ልጆቹ ስድስት ጊዜ እየዞሩት በአንድ ቀን 54 ጉድጓዶች ተጫውተው ሲመሽ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እናቱ ልጅዋ ከጎልፍ በቀር ሌላ ሐሳብ የሌለው መሆኑን እያየች ትጨነቅ ነበር። እሱ ግን በ1909 ዓ.ም. በቦስተን አካባቢ ትምህርት ቤቶች መካከል በተደረገው ውድድር አንደኛ ሆነ።

በሚከተለው ዓመት በ1910 ዓ.ም. የአሜሪካ የአማተር ሻምፒዮና በዚያው በቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ሊደረግ ተወሰነ። ለመወዳደር ግን የታወቀ ክለብ አባል መሆን ያስፈልግ ነበር፤ የአባልነቱም ዋጋ 25 ዶላር ሆነ። ፍራንሲስ ገንዘቡን ከእናቱ ተበደረ። ዕዳውንም በጨርቃ ጨርቅ መደብር በሳምንት 4 ዶላር እየተቀጠረ ከፈለ። ይሁን እንጂ ወደ ዋናው ውድድር ለማለፍ አንድ ምት ጎደለው። በ1911ም በ1912ም ሞክሮ በሁለቱም ጊዜ አንዲት ምት አጎደለችው። በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ በአንዲት ምት መቅረት ሌላውን ተስፋ ባስቆረጠው ነበር። እሱ ግን በዚህ ጊዜ በአንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ተቀጥሮ እየሠራ ልምምዱን አላቋረጠም።

እንግዲህ ወደ 1913 ዓ.ም. እንለፍ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ኦፕን የተባለው ትልቁ ሻምፒዮና በዘ ካንትሪ ክለብ ሜዳ ሊደረግ ተዘጋጀ። ከእንግሊዝ አገር ሁለት ዝነኛ ተጫዋቾች ስለሚመጡ ውድድሩ ከሰኔ ወደ መስከረም ተዛወረ። አንደኛው የእንግሊዝን ኦፕን አምስት ጊዜ ያሸነፈው ሐሪ ቫርደን ሲሆን፣ ሁለተኛው የ1912ቱ አሸናፊ ቴድ ሬይ ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ቫርደንም ጀርሲ በምትባለው ደሴት የተወለደ የአትክልተኛ ልጅ ነበር። በልጅነቱ እሱና ጓደኞቹ ከእሾሃም ዛፍ ቅርንጫፍ እጀታ፣ ከኦክ እንጨት ራስ እየሠሩ፣ በኳስ ፈንታ ብይ ይመቱ ነበር። የሁለት አትክልተኞች ልጆች በሀብታሞች ሜዳ ላይ ሊገናኙ ነው ማለት ነው።

ዊሜት በዚህ ውድድር ለመግባት አላሰበም ነበር፤ የዓመት ፈቃዱን በአማተሮች ሻምፒዮና ላይ ጨርሶታልና። ሆኖም የጎልፍ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት እንዲመዘገብ ጠየቁት፤ የመደብሩ አለቃም ሄዶ እንዲጫወት ፈቀደለት። ዱላውን የሚሸከምለት ደግሞ ኤዲ ላውሪ የተባለ፣ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የመጣ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ዱላዎቹን የያዘው ከረጢት ከልጁ ቁመት ብዙም አያንስም ነበር።

በሁለት ቀን 72 ጉድጓዶች ተጫውተው ቫርደንና ሬይ እያንዳንዳቸው በ304 ምት ጨረሱ። ዊሜት በመጨረሻው ዙር ወደ ኋላ ቀርቶ ስለ ነበረ የቀሩትን ጉድጓዶች ያለ ስሕተት ከመጫወትም በላይ ሁለት ምት ማትረፍ ነበረበት። በ13ኛው ላይ ከሣሩ ዳር የመታት ኳስ ቀጥታ ጉድጓድ ገባች። ሁለተኛዋን ትርፍ ምት ያገኘው በ17ኛው ጉድጓድ፣ በቤቱ ትይዩ ነበር። በዚህ መሠረት እሱም በ304 ጨርሶ ከሁለቱ ጋር እኩል ሆነ።

በማግሥቱ መስከረም 20 ቀን ሦስቱ ብቻ ለመለያ ተሰለፉ። ዝናም ይዘንባል፤ ሜዳው ረጥቧል፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በየጉድጓዱ ተኮልኩሎ ያያል። ከጨዋታው በፊት አንዳንድ ሰዎች ትንሹ ኤዲ ቀርቶ ልምድ ያለው ሰው እንዲተካ ፈልገው ነበር፤ ዊሜት ግን ልጁን አልለወጠውም። በዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ ሦስቱም በ38 ምት እኩል ነበሩ። ሁሉም ሰው የ20 ዓመቱ ጎልማሳ ከዚህ በኋላ ይደክማል ብሎ ሲጠብቅ፣ ስሕተት የጀመሩት ታላላቆቹ ሆኑ። ሬይ በ15ኛው ላይ ወደ ኋላ ቀረ። ወደ 17ኛው ሲደርሱ ዊሜት ቫርደንን በአንድ ምት ብቻ ይመራ ነበር። ቫርደን መንገድ ለማሳጠር ብሎ ኳሱን አሸዋ ውስጥ ጣለና በአምስት ጨረሰ። ዊሜት በዚያው ጉድጓድ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከቤቱ ደጃፍ ሲያየው ባደገው ቦታ፣ በሦስት አስገባ። ፍጻሜው ዊሜት 72፣ ቫርደን 77፣ ሬይ 78 ሆነ። የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈ የመጀመሪያው አማተር ይኸው የአትክልተኛ ልጅ ነው።

ከዚህ ድል በኋላ ጎልፍ በአሜሪካ ወደ ሕዝቡ መውረድ ጀመረ። የመደብር ሠራተኛና የሠራተኛ ልጅ እኛም እንችላለን ብሎ ዱላ አነሣ። ዊሜትም በ1914 ዓ.ም. የአገሩን የአማተር ሻምፒዮና አሸነፈ።

ነገር ግን ዝና ከችግር አያድንም። በ1916 ዓ.ም. የራሱን የስፖርት ዕቃ መደብር በመክፈቱ፣ ከጎልፍ ዕቃ ሽያጭ ትርፍ ያገኛል ተብሎ ከአማተርነት ተሰረዘ። ሀብት ያለው ሰው ያለ ሥራ ሲጫወት አማተር ይባላል፤ እንጀራውን በሥራ የሚያገኘው ግን ስሙ ይፋቃል ማለት ነው። ብዙ ሰው ፍርዱን ተቃወመ። ዊሜት ግን በቁጣ ጨዋታውን አልተወም፤ በምሬትም ሰውን አልሰደበም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ጦር ሠራዊት ገብቶ አገሩን አገለገለ። በ1918 ዓ.ም. ማኅበሩ መብቱን መለሰለት። ከዚያም በ1931 ዓ.ም. በ38 ዓመቱ፣ ከመጀመሪያው ድል 17 ዓመት በኋላ፣ የአማተር ሻምፒዮናውን እንደገና አሸነፈ። በሙያው ግን በገንዘብና በአክሲዮን ሥራ እየተዳደረ ለደስታ እንጂ ለደመወዝ ሳይጫወት ኖረ።

በ1949 ዓ.ም. ወዳጆቹ በስሙ አንድ የትምህርት መርጃ ገንዘብ አቋቋሙ። ይህም በጎልፍ ሜዳ ዱላ የሚሸከሙና የሚሠሩ ወጣቶች ከፍተኛ ትምህርት እንዲማሩ የሚረዳ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በሺህ ለሚቆጠሩ ተማሪዎች ደርሷል። በ1951 ዓ.ም. በስኮትላንድ የሚገኘው ጥንታዊው የሴንት አንድሩስ ክለብ ሊቀ መንበሩ አድርጎ መረጠው፤ ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው አሜሪካዊ እሱ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በ74 ዓመቱ ዐረፈ። ያደገበት ቤት አሁንም በመንገዱ ዳር ቆሟል።

ከዚህ ታሪክ ለጀማሪ ምን ይገኛል? የጎልፍ ሕግ አንድ ተጫዋች ከ14 ዱላ በላይ እንዳይዝ ይከለክላል እንጂ 14 ዱላ እንዲገዛ አያዝም። ያገለገሉ ሦስት ወይም አራት ዱላዎች ጨዋታውን ለመማር ይበቃሉ። እንዲያውም በአንድ ዱላ ቅርቡንም ሩቁንም፣ ዝቅታውንም ከፍታውንም መምታት የተማረ ሰው፣ የሚያሻሽለው እጁን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ውድ ዱላ መጥፎ ምትን ጥሩ አያደርግም።

ነገሩም በጎልፍ ብቻ የሚቀር አይደለም። ያገለገለ መጽሐፍ ይዞ የሚያጠና ተማሪ፣ አሮጌ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሥራውን የሚለማመድ ወጣት ሠራተኛ፣ ሁለቱም የራሳቸው ማሺ በእጃቸው አለ። የጎደለውን መቁጠር ይቆየን፤ ዛሬ በእጃችን ባለው አንድ ዱላ ጅረቱን እናሻግር።