ጄምስ ፓርኪንሰን

በለንደን ከተማ ዳርቻ ሆክስተን በተባለ ሰፈር ጆን ፓርኪንሰን የሚባል መድኃኒት ቀማሚና ሐኪም ይኖር ነበር። ለዚህ ሰው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 11 ቀን 1755 ወንድ ልጅ ተወለደለት፤ ስሙም ጄምስ ተባለ። ጄምስ ከፍ ባለ ጊዜ በአባቱ ሥር ሆኖ ሙያውን ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1776 በለንደን ሆስፒታል ለስድስት ወር ያህል የሕሙማንን ቁስል በማጠብና በማሰር አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1784 የሐኪምነት ፈቃድ ተቀበለ። በዚያው ዓመት አባቱ ስለ ሞተ በአባቱ እግር ተተክቶ የሰፈሩን ሕዝብ ማከም ጀመረ።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የሕዝብ እንደራሴዎችን ለመምረጥ መብት የነበራቸው ጥቂት ባለሀብቶች ብቻ ነበሩ። ፓርኪንሰን በየቀኑ የድኾችን ጎጆ ይጎበኝ ስለ ነበር ችግራቸውን በዓይኑ ያይ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው ሁበርት በሚል የብዕር ስም መንግሥትን የሚነቅፉ ጽሑፎችን አሳተመ፤ ለምርጫ መብት በሚታገል ማኅበር ውስጥም አባል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1794 ከማኅበሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊን በተመረዘ ቀስት ለመግደል አሢረዋል ተብለው ተያዙ። ፓርኪንሰንም በንጉሡ አማካሪዎች ሸንጎ ፊት ቀርቦ እንዲመሰክር ታዘዘ። ነገሩ እስከ ሞት የሚያደርስ ቢሆንም ፈርቶ ወዳጆቹን አልካደም። በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድ ካረጋገጠ በኋላ ቃሉን በመሐላ ሰጠ። ክሱም በመጨረሻ ሳይጸና ቀረ።

ከዚህ በኋላ ፓርኪንሰን ፊቱን ወደ ሳይንስ መለሰ። በድንጋይ ውስጥ ተቀብረው ስለሚገኙ የጥንት እንስሳትና ዕፀዋት ቅሪት ሦስት ቅጽ ያለው መጽሐፍ ከ1804 እስከ 1811 እ.ኤ.አ. አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1807 የለንደን የሥነ ምድር ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ እርሱ ነበር።

ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየው ግን እ.ኤ.አ. በ1817 ያወጣው፣ ከሰባ ገጽ የማይበልጥ ትንሽ መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት ብሎ የሰየመውን በሽታ በስድስት ሰዎች ላይ ያየውን መሠረት አድርጎ ገለጸ። ከስድስቱ ሦስቱ ለሕክምና ወደ እርሱ የመጡ አልነበሩም፤ ሁለቱን መንገድ ላይ አግኝቶ ስለ ሕመማቸው ጠየቃቸው፤ አንዱን ግን ከሩቅ ብቻ ተመለከተው። የሕመምተኛው እጅ ሥራ ሲፈታ ይንቀጠቀጣል፤ ወገቡ ወደ ፊት ይጎብጣል፤ እርምጃው ሳይወድ ወደ ሩጫ ይለወጣል፤ ውሎ አድሮም መጻፍና ጉርሻ ወደ አፉ ማድረስ ይሳነዋል። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሐኪሞች እነዚህን ምልክቶች በየፊናቸው ቢያዩአቸውም የአንድ በሽታ ምልክቶች መሆናቸውን አጥርቶ ያሳየ እርሱ ነው።

ፓርኪንሰን ሌላም ነገር አስተዋለ። ሕመምተኞቹ በጽኑ የሆድ ድርቀት ይሠቃዩ ነበር። በዚያ ዘመን ስመ ጥር የነበረው ሐኪም ጆን አበርኔቲ የብዙ በሽታዎች መነሻ የጨጓራና የአንጀት መታወክ ነው እያለ ያስተምር ነበር። ፓርኪንሰንም ይህን ትምህርት ይዞ፣ የሆድ ዕቃ መታወክ ኅብለ ሰረሰርን ሊጎዳ እንደሚችል ገመተ፤ ጉዳቱ በምን መንገድ እንደሚተላለፍ ግን ሊደርስበት አልቻለም። በዚህ በሽታ የሞቱትን ሰዎች አስከሬን ለመመርመር ዕድል ስላላገኘ አሳቡ ግምት ብቻ መሆኑን ሳይሸሽግ ጻፈ፤ ሌሎች ሐኪሞችም ምርመራውን እንዲቀጥሉ አሳሰበ።

ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 21 ቀን 1824 ሞተ። መጽሐፉን በሕይወት ሳለ ያስተዋሉለት ጥቂቶች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ዣን ማርተን ሻርኮ የተባለ ታላቅ የፈረንሳይ ሐኪም በሽታው በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ አደረገ። በኋላ በተደረገው ምርምር፣ የሚጎዳው ዋናው ስፍራ ኅብለ ሰረሰር ሳይሆን እንቅስቃሴን የሚቆጣጠር የአንጎል ክፍል መሆኑ ታወቀ። በዚህ ፓርኪንሰን ተሳስቶ ነበር።

ስለ ሆድ ዕቃ የጻፈው ግን ከንቱ ሆኖ አልቀረም። ዛሬ ብዙ ሕመምተኞች እጃቸው መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት የሆድ ድርቀት እንደሚይዛቸው ታውቋል። በአንጎላቸው ውስጥ የሚከማቸው አልፋ ሲኑክሊን የተባለ የተበላሸ ፕሮቲንም በአንጀታቸው ነርቮች ውስጥ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሃይኮ ብራክ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ በሽታው በአንጀት ጀምሮ፣ አንጎልን ከሆድ ዕቃ ጋር በሚያገናኘው ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል የሚል አሳብ አቀረበ። አሳቡ ለሁሉም ሕመምተኞች እንደማይሠራ የሚናገሩ ሊቃውንት ስላሉ ክርክሩ አላበቃም። ቢሆንም ፓርኪንሰን ፈልጎ ያጣው መንገድ ዛሬ በታላላቅ የምርምር ቤቶች ይፈለጋል።

የፓርኪንሰን ነው ተብሎ የተረጋገጠ ሥዕል እስከ ዛሬ አልተገኘም። መልኩን የሚያውቅ የለም፤ ስሙ ግን በዓለም ሁሉ ይታወቃል። ለዚህም ያበቃው፣ ሌላው ሰው አይቶ የሚያልፈውን መንገደኛ ቆም ብሎ ማየቱና የሚያውቀውን ከማያውቀው ለይቶ መጻፉ ነው።