ሰር አይዛክ ኒውተንና ሰባቱ ቀለማት

ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ዳር በሐምሌ ወር ከሰዓት በኋላ የቆመ መንገደኛ፣ ጀርባውን ለምዕራብ ፀሐይ ሰጥቶ ዝናም ያልለቀቃቸውን የስሜን ተራሮች ሲመለከት የማርያም መቀነት ተዘርግታ ሊያይ ይችላል። ሰዓቱን ግን መምረጥ ይኖርበታል። ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከ42 ዲግሪ ከፍ ብላ ሳለች ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ቀስተ ደመና በሰማይ አይታየውም። በዚያ አገር በሐምሌ እኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ጥቂት ስለሚቀራት፣ ቀስተ ደመናው ብቅ የሚለው ከቀኑ ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው። ከገደል አፋፍ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ብቻ ሕጉ ይላላል፤ ዝናሙ ከእግሩ በታች ሲዘንብ ቀስቱንም ከእግሩ በታች ሊያየው ይችላል።

ይህን ልብ ያልሁት በደባርቅና በዳባት ለኤሌክትሪክ ሥራ ሠልጣኞች አጭር ትምህርት ለመስጠት በቆየሁባቸው ሳምንታት ነበር። የቀለማቱን ተራ በቃላቸው እንዲይዙ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሠራሁላቸው፤ «ቀበሮ ብቅ ቢል አይጥ ሰፈሩን ጥሎ ሀገር ለቀቀ» የምትል ናት። ከመጨረሻው ቃል በቀር የየቃሉ መነሻ ፊደል ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር ሰማያዊና ሐምራዊ የሚሉትን ስሞች ያስታውሳል። የሀገር «ሀ» እና የሐምራዊ «ሐ» አንድ አይደሉም ብሎ የሚነሣ የፊደል ጠበቃ ቢኖር መልስ የለኝም። ቀይ ቀበሮና አይጥ በስሜን ደጋ በሚገባ የሚተዋወቁ በመሆናቸው ግን ዓረፍተ ነገሯ በአንድ ቀን ተያዘች። ቀጥሎም እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሰባቱን ቀለማት ከገበያና ከማሳ ፈልጎ፣ በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በተራቸው ደርድሮ እንዲያመጣ ውድድር አወጣሁ።

ውድድሩ ያልጠበቅሁትን ነገር ገለጠ። ዓረፍተ ነገሯን ከሁሉ አስቀድሞ የያዘውና ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳይሰናከል የሚወጣት ጎበዝ ወጣት ለአረንጓዴ ያቀረበው ፎቶግራፍ የቡናማ ሸክላ ጋን ነበር። ሌሎቹ ሲሥቁ እርሱ አልሣቀም። ቀይና አረንጓዴን አጥርቶ እንደማይለይ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለማንም አልተናገረም ነበር። በቀድሞው የአሠራር ልማድ በብዙ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቀይ ሽቦ የኃይል፣ አረንጓዴው ደግሞ የመሬት መሆኑን ለሙያ ባልደረቦቼ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቃሉን ፈትኜ ዓይኑን ሳልፈትን ሽቦ አስጨብጬው ነበርና።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ አንድ ቀደምት የሳይንስ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ወደ ኒውተን ያዘነበልሁት በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ስበት ሕጉና ስለ ፖም ዛፉ ብዙ ስለ ተጻፈ እነርሱን እዘላቸዋለሁ። እኔ የምተርከው ስለ ዓይኑ ነው።

አይዛክ ኒውተን የተወለደው በእንግሊዝ አገር በሊንከንሻየር፣ ዉልስቶርፕ በምትባል የገጠር መንደር፣ በዚያን ጊዜ በአገሩ ይሠራበት በነበረው የዩልዮስ አቆጣጠር በ1642 ዓ.ም. የገና ዕለት ነው። አባቱ ከመወለዱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ሞቶ ነበር። ሦስት ዓመት ሲሞላው እናቱ ሌላ ባል አግብታ ስትሄድ እርሱ ከአያቱ ዘንድ ቀረ። ይህ መለየት በልቡ ያሳደረው ቂም ቀላል አልነበረም፤ በ1662 ኃጢአቱን በማስታወሻ ደብተር ሲዘረዝር እናቱንና እንጀራ አባቱን ከነቤታቸው አቃጥላለሁ ብሎ መዛቱን አስገብቶበታል። የእንጀራ አባቱ ከሞተ በኋላ እናቱ ገበሬ ልታደርገው ሞክራ ነበር፤ ከብቶቹ ሰብል ውስጥ ሲገቡ እርሱ መጽሐፍ ሲያነብ እየተገኘ አስቸገረና ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። በ1661 ኬምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ የገባውም የባለጸጎቹን ልጆች እያገለገለ የሚማር ደሀ ተማሪ ሆኖ ነው።

በ1665 ወረርሽኝ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ የ22 ዓመቱ ኒውተን ወደ መንደሩ ተመለሰ። በእነዚያ ዓመታት ያስጨንቀው ከነበሩት ጥያቄዎች አንዱ ቀለም የሚገኘው ከብርሃኑ ነው ወይስ ከዓይኑ የሚል ስለ ነበር መልሱን በገዛ አካሉ ላይ ፈለገ። ደነዝ ወስፌ በዓይኑና በአጥንቱ መካከል አስገብቶ የዓይኑን ጀርባ ተጫነው። ነጭ፣ ጥቁርና ባለቀለም ክቦች ታዩት፤ ወስፌው የት እንደ ገባ የሚያሳይ ሥዕልም በማስታወሻው ነደፈ። በሌላ ጊዜ ደግሞ በመስተዋት የተንጸባረቀችውን ፀሐይ በአንድ ዓይኑ አተኩሮ ከማየቱ የተነሣ ምስሏ አልጠፋ ብሎት ሦስት ቀን ያህል በጨለማ ክፍል ተዘግቶ ለመቀመጥ ተገደደ። ከመካከላችን የብየዳ ብልጭታ ያለ መከላከያ መነጽር አይቶ ያደረ ሰው ቢኖር ነገሩን በሚገባ ይረዳዋል። ዓይኑን ይዞ መትረፉ ዕድል ነው።

ፕሪዝም የተባለው ባለሦስት ጎን መስተዋት በዚያን ዘመን ቀለም ለማየት የሚገዛ መጫወቻ ነበር። ሊቃውንቱ ንጹሕ ነጭ ብርሃን በመስተዋቱ ሲያልፍ ተለውጦ ቀለም ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። ኒውተን በመስኮቱ መዝጊያ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስቶ፣ ብርሃኑን በፕሪዝም አሳልፎ፣ 22 ጫማ ማለት 6.7 ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ግድግዳ ላይ ጣለው። ፕሪዝሙን ባቆመበት አኳኋን፣ በታወቀው የብርሃን ስብረት ሕግ መሠረት የፀሐይ ምስል ክብ መሆን ነበረበት። ለክቶ ያገኘው ግን ወርዱ 6.7፣ ቁመቱ 33.7 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ሞላላ ነበር፤ ቁመቱ የወርዱን አምስት እጥፍ ሆነ። የመሐንዲስን ልብ የሚማርከው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ በቀለማቱ ውበት ሲደነቅ ኒውተንን እንቅልፍ የነሣው የምስሉ ቁመት ነበር።

ከዚያም አንዱን ቀለም ብቻ በቀዳዳ ለይቶ በሁለተኛ ፕሪዝም አሳለፈው። ቀዩ ቀይ እንደ ሆነ፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ እንደ ሆነ ወጣ፤ ሰማያዊው ግን ከቀዩ ይበልጥ ተሰበረ። ስለሆነም ነጭ ብርሃን የስብረት መጠናቸው የተለያየ ጨረሮች ድብልቅ መሆኑን አወቀ። ለተዘረጋው የቀለማት ምስል ስፔክትረም የሚለውን የላቲን ስም የሰጠው እርሱ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ኅብረ ቀለም ብንለው ያስኬዳል። ዴካርት በ1637 ቀስተ ደመና በ42 ዲግሪ ገደማ ለምን እንደሚታይ በሒሳብ አሳይቶ ነበር፤ ቀለማቱ ከላይ ቀይ ከታች ሐምራዊ ሆነው ለምን እንደሚደረደሩ ግን በትክክል የተገለጠው በኒውተን ነው። ቀዩ 42፣ ሐምራዊው 40 ዲግሪ ያህል ላይ ይወጣል።

ይህ ግኝት አንድ የሥራ ችግር አስከተለ። ሌንስ ቀለማቱን ሁሉ በአንድ ነጥብ መሰብሰብ ስለማይችል በቴሌስኮፕ የሚታየው ምስል ጠርዙ በቀለም ይከበባል። ኒውተን ነገሩ በሌንስ አይድንም ብሎ ወሰነና በ1668 በገዛ እጁ ብረት አቅልጦ፣ አለስልሶና ወልውሎ፣ ከሌንስ ይልቅ በመስተዋት የሚሠራ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ቴሌስኮፕ ሠራ። በ1669 የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1671 መጨረሻ ሁለተኛው ቴሌስኮፕ ለንደን ለሮያል ሶሳይቲ ቀርቦ ስለ ተወደደ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የማኅበሩ አባል ሆነ፤ ወዲያውም ስለ ብርሃንና ስለ ቀለም ያገኘውን በደብዳቤ ላከ።

ጠቡ የተጀመረው በዚህ ደብዳቤ ነው። ኒውተን ትችት የሚሸከም ትከሻ አልነበረውም። ሮበርት ሁክ ተቃወመው፤ ኒውተንም ስለ ብርሃን የጻፈውን ታላቁን መጽሐፍ ኦፕቲክስን ያሳተመው ሁክ በ1703 ከሞተ በኋላ፣ በ1704 ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ ግን የሊዬዡ ጉዳይ ነው። አንቶኒ ሉካስ የተባለ በዚያች ከተማ የሚኖር እንግሊዛዊ መምህር ሙከራውን ደግሞ ሠርቶ የምስሉ ቁመት የወርዱ ሦስት ወይም ሦስት ተኩል እጥፍ እንጂ አምስት እጥፍ አልሆነልኝም ሲል በ1676 ጻፈ። ኒውተን ስሕተቱ የለካው ሰው ነው ብሎ ደመደመ። ሁለቱም ልኮች ትክክል ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ ልዩነቱም ከመስተዋቱ ዓይነት ሊመጣ እንደሚችል ያኔ ቢቀበል ኖሮ፣ ሁለት ዓይነት መስተዋት አጣምሮ የቀለም ጠርዝ የማያወጣ ሌንስ መሥራት እንደሚቻል በደረሰበት ነበር። ያንን ሌንስ በ1730ዎቹ ቼስተር ሙር ሆል አሠራው፤ በ1758 ጆን ዶሎንድ የባለመብትነት ፈቃድ አወጣበት። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ካሜራ ሁሉ በዚያ ሐሳብ ይጠቀማል። ከኒውተን ያመለጠው በእጁ በነበረ ልዩነት ላይ ስለ ተቆጣ ነው።

ወደ ሰባቱ ቀለማት እንመለስ። ኒውተን በኬምብሪጅ ባስተማረው የመጀመሪያ ትምህርት ዋና ዋና ቀለማት ብሎ የቆጠረው አምስት ብቻ ነበር፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ። በኋላ ብርቱካናማንና ጥቁር ሰማያዊን ጨመረ። የጨመረበት ምክንያት የሙዚቃ ቅኝት ሰባት ድምፆች ስላሉት የኅብረ ቀለሙ ክፍሎችም በዚያው መጠን ቢከፈሉ ይስማማሉ ብሎ በማሰቡ ነው። የምስሉን ርዝመት ከኢንች ስምንተኛ ሳያሳልፍ የለካ ሰው ቁጥሩን ከሙዚቃ ተበደረ። በተፈጥሮ ከቀዩ እስከ ሐምራዊው ድረስ አንድም አጥር የለም። የኤሌክትሮኒክስ ሰዎች ይህን ሳያውቁት ያረሙት ይመስላል፤ በሬዚስተር ላይ ያሉት የቀለም ቀለበቶች ከ2 እስከ 7 ያሉትን ቁጥሮች ከቀይ እስከ ሐምራዊ በኅብረ ቀለም ተራ ሲያስቀምጡ ጥቁር ሰማያዊን ዘለውታል። የቀበሮዋን ዓረፍተ ነገር ያለ «ጥሎ» ቢያነቡት የሬዚስተሩን ተራ ያገኙታል።

አጥሩን የት እንደሚያቆም መወሰን በነበረበት ጊዜ ግን ኒውተን ያደረገው ነገር ሊደነቅ ይገባዋል። የገዛ ዓይኖቹ ቀለም ለመለየት ያን ያህል የሰሉ አለመሆናቸውን በጽሑፍ አመነ። ከእርሱ የተሻለ ዓይን ያለውን ረዳት ጠርቶ፣ ምስሉን በወረቀት ላይ ጥሎ፣ አንዱ ቀለም ከሌላው የሚለይበትን መስመር በእርሳስ እንዲያሰምርለት አደረገ፤ ሥራውንም ደጋግመው መስመሮቹን አስተያዩ። የዚያ ሰው ስም በመጽሐፉ አልተጠቀሰም። ፕሮፌሰሩ፣ በሊዬዥ ያለውን ሰው ዓይን ያላመነው ያው ኒውተን፣ በክፍሉ ውስጥ ግን የራሱን ዓይን ከረዳቱ ዓይን አሳንሶ አየ።

የቀረው ሕይወቱ በሌላ ሥራ አለፈ። በ1687 ፕሪንኪፒያ የተባለውን የእንቅስቃሴና የስበት መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1696 ወደ ለንደን ሄዶ የመንግሥት ገንዘብ ማተሚያ ቤት ኃላፊ ሆነ፤ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠሩትንም ራሱ እያሳደደ ለፍርድ አቀረበ። ከ1703 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ነበር፤ በ1705 የሰርነት ማዕርግ ተሰጠው። ሚስትም ልጅም ሳይኖረው በመጋቢት 1727 እ.ኤ.አ. በ84 ዓመቱ አርፎ በዌስትሚኒስተር ተቀበረ።

የእኔ ሠልጣኝ ያለበትን ሁኔታ በዝርዝር የጻፈ ሊቅ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ጆን ዶልተን በ1794 የራሱን ዓይን መዝኖ ሌሎች ቀይ የሚሉት ለእርሱ እንዴት እንደሚታየው አስታወቀ። ቶማስ ያንግ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ዓይናችን ቀለም የሚቀበለው በሦስት ዓይነት መቀበያ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1861 አንድን ባለቀለም ጥብጣብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ሦስት ጊዜ በፎቶግራፍ አስነሥቶ ምስሎቹን በግድግዳ ላይ በማደራረብ የመጀመሪያ የሚባለውን የቀለም ፎቶግራፍ አሳየ። ሠልጣኞቼ የያዙት ስልክም ሥራው ይኸው ነው። ቢጫ የሚቀበል ነጥብ በውስጡ የለም፤ በመስቀል ሰሞን የምናነሣትን አደይ አበባ ቢጫ አድርጎ የሚያሳየን ከቀይና ከአረንጓዴ ደባልቆ ነው።

ያን ወጣት ከሥራው አላስወጣሁትም። ሽቦውን ሁሉ በመለኪያ መሣሪያ ሳይፈትን እንዳይነካ፣ በየጫፉም ፊደል የተጻፈበት ምልክት እንዲያስር፣ ከጓደኛው ጋር ካልሆነም የቆየ ግድግዳ እንዳይከፍት ተስማማን። በቀለም ብቻ የሚሠሩት ጓደኞቹ ሲሳሳቱ የሚያርማቸው እርሱ ሆነ።

ትምህርቱ ባለቀበት ዕለት ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ከዳባት ስንመለስ በስሜን በኩል ቀስተ ደመና ወጣ። መኪናውን አቁመን ወረድን። ሠልጣኞቹን ስንት ቀለም እንደሚያዩ ስጠይቃቸው ሁሉም ሰባት አሉ፤ ጥቁር ሰማያዊውን በጣቱ ለይቶ ያሳየኝ ግን አንድም አልተገኘም። ያ ወጣት ጥቂት ዝም ብሎ ካየ በኋላ ለእርሱ ሁለት እንደ ሆኑ ነገረኝና ሁለቱን፣ አንዱ ከየት ጀምሮ ሌላው የት እንደሚያልቅ፣ በጣቱ አሳየኝ።