አዛዥ ጌራ እና አዛዥ ራጉኤል፡ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከመረሳት የታደጉ መምህራን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በወላይታ ሶዶም ሆነ በሌላ ሀገረ ስብከት፣ በበዓላት ሌሊት ማኅሌት ሲቆም ሊቃውንቱ የሚገልጡት ድጓ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት አለው። ጎላ ያለው ጽሕፈት ቃሉን ይይዛል፤ ከቃሉ በላይ የሰፈሩት ደቃቅ ፊደላትና ጭረቶች ደግሞ ዜማውን ይይዛሉ። እነዚህ ደቃቅ ምልክቶች ሥርዓት ይዘው የተደላደሉት ቤተ ክርስቲያናችን ከታላቅ መከራ በወጣችበት ዘመን፣ በሁለት ካህናት ድካም ነው። እነርሱም አዛዥ ጌራ እና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ዛሬ የእነዚህን አባቶች ሕይወትና አገልግሎት በአጭሩ እንመለከታለን።

ሊቁ ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ቤተ ክርስቲያንን እንዳስጌጠ ሁላችን እናውቃለን። ድጓው፣ ጾመ ድጓው፣ ምዕራፉ፣ ዝማሬውና መዋሥዕቱ ከእርሱ የወረስናቸው ሀብቶች ናቸው። ይህ ርስት ለብዙ መቶ ዓመታት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረው በዋናነት በቃል ነበር። መምህሩ ያዜማል፤ ተማሪው እየተቀበለ በልቡ ይጽፋል። የቃል ትምህርት ግን መምህሩና ጉባኤው በሰላም እስከኖሩ ድረስ ብቻ የሚጸና ነው።

በ1521 ዓ.ም. የዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት በሽምብራ ኩሬ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከተሸነፈ በኋላ ያ ሰላም ጠፋ። ከዐሥር ዓመታት በላይ በዘለቀው ጦርነት ታላላቅ አድባራትና ገዳማት ተቃጠሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ደብረ ሊባኖስ ነው። ካህናት ተገደሉ፤ የተረፉትም በየበረሃው ተበተኑ። ብራናው ሲነድድ ቃሉ፣ መምህሩ ሲሞት ዜማው አብሮ የሚሄድበት ዘመን ነበር። በአንድ ትውልድ ዕድሜ የሺህ ዓመት ያህል ድካም ሊጠፋ ተቃረበ።

ዐፄ ገላውዴዎስ በ1533 ዓ.ም. ሲነግሡ የተረከቡት ይህን የፈረሰ አገር ነበር። በ1535 ዓ.ም. ኢማሙ በወይና ደጋ ከሞተ በኋላ ንጉሡ የፈረሰውን ማነጽ ጀመሩ። በአማራ ሳይንት የምትገኘውን ተድባበ ማርያምን አሳንጸው ካህናትን ሰበሰቡባት። ዜና መዋዕሉ የአዛዥ ጌራንና የአዛዥ ራጉኤልን ስም የሚያነሣው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም በመንፈሳዊ ዜማ የተካኑ ካህናት ነበሩ፤ አዛዥ የሚለውም በዘመኑ የቤተ መንግሥት የማዕረግ ስም ነው። ለድጓው የዜማ ሥርዓት አበጅተው የተድባበ ማርያምን ካህናት አስተማሩ።

ልብ እንበል፤ እነዚህ መምህራን አዲስ ዜማ ሊደርሱ አልተነሡም። ዕውቀቱና ሥልጣኑ እያላቸው የደከሙት የቀደመውን አባት ሥራ ፈልጎ ለማግኘት ነው። ሊቃውንቱ በትውፊት እንደሚያስተምሩን፣ ድጓው ከጥፋት ተርፎ የተገኘው በጋይንት ቤተልሔም ነው። ስለዚህም ቤተልሔም እስከ ዛሬ የድጓ ምስክር ቤት ሆና ትኖራለች። መጽሐፉ መገኘቱ ታላቅ ደስታ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉን ብቻ የያዘ ብራና ዜማውን የሚያውቅ መምህር ካጣ ዝም ይላል። ሁለቱ አባቶች ድካማቸውን ሁሉ ያፈሰሱት ለዚህ ነው፤ በልብ ያለው ዜማ በብራና ላይም እንዲቀመጥ።

የምልክቱ አሠራር ጥበብ የተሞላ ነው። አስቀድሞ በታወቀ አንድ ቃል ላይ ያለው ዜማ መነሻ ይሆናል፤ ከዚያ ቃል የተወሰዱ አንድ ወይም ሁለት ፊደላት በሌላ ቃል ላይ ሲጻፉ ተማሪው ያንኑ ዜማ እንዲያነሣ ያመለክታሉ። እንዲህ ያሉት የፊደል ምልክቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነርሱ ጋር ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የተባሉት ስምንቱ ምልክቶች አሉ። ሊቃውንቱ ስምንቱን ለቅዱስ ያሬድ ሰጥተው፣ ድርስና አንብር የተባሉትን ሁለቱን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደጨመሩ ያስተምራሉ።

ዐፄ ገላውዴዎስ በ1551 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወድቀው ሥጋቸው በተድባበ ማርያም ዐረፈ። ከእርሳቸው በኋላ ብዙ ነገሥታት አለፉ፤ ከተሞች ተቆርቁረው ፈረሱ። የሁለቱ መምህራን ምልክት ግን ከጉባኤ ወደ ጉባኤ እየተሻገረ እኛ ዘንድ ደረሰ። የድካማቸው ፍሬ ይህን ያህል ሲሆን፣ ዜማው ዛሬም የሚጠራው በቅዱስ ያሬድ ስም ነው። የጠፋውን ፈልገው ያገኙት አባቶች ያገኙትን የእኛ ነው አላሉም። ትሕትና ማለት ይህ ነው።

ምእመናን ሆይ፣ ከዚህ ሕይወት የምንማረው ብዙ ነው። ትውፊት እንደሚያወሳው በሞተለሚ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሰበኩበት በዚህ በወላይታ ምድር፣ አፉን በወላይትኛ የፈታ ሕፃን አድጎ ያሬዳዊውን ዜማ በግዕዝ ሲያዜም፣ የእነዚያ አባቶች ድካም ፍሬ አፈራ ማለት ነው። ምልክቱ ቦታና ቋንቋ ሳይለይ ለሁሉም ይናገራልና። ነገር ግን ምልክቱ ብቻውን አያስተምርም። ድጓ ለመማር የተነሣ ደቀ መዝሙር ዛሬም ከመምህሩ እግር ሥር ረጅም ዓመታት መቀመጥ ይኖርበታል። መጽሐፉ ያለ መምህር ዝም እንደሚል፣ መምህሩም ያለ ተማሪ ዕውቀቱን ይዞ ወደ መቃብር ይወርዳል።

እንግዲህ ጦርነትና እሳት ሳይመጣም ዜማ ሊረሳ እንደሚችል እናስተውል። የአብነት መምህሩ ቀለብ ሲያጣ፣ ተማሪው ጉባኤውን ጥሎ ሲሄድ፣ ወላጅ ልጁን ወደ አብነት ትምህርት ቤት መላክ ሲያፍር፣ ያ የተገኘ ሀብት ዳግመኛ ይጠፋል። በየአጥቢያችን ያሉትን የአብነት መምህራን እንጎብኝ፤ ተማሪዎቻቸውን እናልብስ፤ ልጆቻችንን እናስተምር። አባቶቻችን ከአመድ ውስጥ ፈልገው ያገኙትን እኛ በሰላም ዘመን ልንጥለው አይገባም።

የአባቶቻችን ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።